ዕቃቃ፦ ሕፃናት የነገሮችን ስም የሚማሩበት የቆየ ጨዋታ

በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በዶሃ በሚገኙ በርካታ የኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ሕፃን በቀን ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይሰማል። ወላጆቹ በአማርኛ ያወራሉ፤ ጎረቤቱና ገበያው ዓረብኛ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናቱና የስልኩ ስክሪን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ማንኪያን በዓረብኛ፣ ኳስን በእንግሊዝኛ ይጠራል። ጀበናውን፣ ሰፌዱንና ሙቀጫውን ግን በጣቱ ብቻ ያሳያል። ወላጆች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ልጁ በስልክ ከአያቱ ጋር መነጋገር ሲያቅተው ግን ነገሩ ያሳስባቸዋል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ መጽሐፍ፣ የፊደል ገበታ ወይም አስጠኚ መፈለግ ይጀምራሉ። እነዚህ ሁሉ በጊዜያቸው ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ቋንቋ በልጅ አንደበት የሚጀምረው ከፊደል ቀድሞ፣ በእጅ በሚያዙና በየቀኑ በሚታዩ ነገሮች ስም ነው። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፤ ዘዴውም ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ጨዋታ ነው።

የዕቃቃ ምስጢር

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ዕቃቃን ያውቀዋል። ልጆች በግቢ ጥግ ወይም በአጥር ሥር ይሰባሰባሉ። የቆርቆሮው ክዳን ምጣድ ይሆናል፤ ጭቃው ሊጥ፣ ቅጠሉ ጎመን፣ የጠርሙሱ ቆርኪ ስኒ ይሆናል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ታናሹ ደግሞ እንግዳ ሆነው ይጫወታሉ። ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ እንግዳው «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፣ «እንቦሳ እሰሩ» ይባላል።

የጨዋታው ስም ራሱ «ዕቃ» የሚለው ቃል ተደግሞ ሲጠራ የተገኘ ነው። ስሙም ሥራውን በትክክል ይገልጻል። በጨዋታው ውስጥ አንድ ክዳን ምጣድ የሚሆነው ልጆቹ ምጣድ ብለው ሲጠሩት ነው። ስሙ ካልተጠራ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሁሉ የዕቃዎቹን ስም ደጋግሞ ለመጥራት ይገደዳል። ትንሹ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ስኒ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ስኒ የተባለውን ነገር በእጁ ይይዛል፤ ሲጠየቅም ያቀብላል። ማንም «ተማር» አላለውም፤ እሱ ግን ተምሯል።

በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ይህን አላገኘም። ግቢ የለውም፣ አጥር የለውም፣ በዕድሜ ከፍ ያሉና በአማርኛ የሚያጫውቱት ልጆችም ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው የሉም። የእነዚያን ታላላቅ ልጆች ቦታ ሊሸፍን የሚችለው ወለል ላይ ተቀምጦ የሚጫወት አዋቂ ነው።

ልጅ ስምን እንዴት ይይዛል?

በቁርኣን በሱረቱል በቀራህ የአደም ታሪክ ሲነሣ፣ አደም የነገሮችን ስሞች ሁሉ እንደተማረ ይወሳል። ስምን ከነገሩ ጋር ማያያዝ የሰው ልጅ ቀዳሚ እውቀት ሆኖ መቀመጡ ሊያስገርም አይገባም። ነገሩ ለአዋቂ ቀላል ቢመስልም ለሕፃን ከባድ ሥራ ነውና።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊላርድ ኩዋይን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ችግር በምሳሌ አሳይቷል። አንድ እንግዳ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ሳለ ጥንቸል ስትሮጥ ያያል፤ የአገሬው ሰው «ጋቫጋይ» ይላል። ቃሉ ጥንቸል ማለት ነው? ሩጫ ነው? ጆሮዋ ነው? ነጭ ቀለሟ ነው? እንግዳው በእርግጠኝነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሕፃንም እናቱ ወደ ስኒ እያየች «ስኒ» ስትል በዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማል። ቃሉ የቡናው፣ የእንፋሎቱ፣ የቀለሙ ወይም የመጠጣቱ ስም ሊሆን ይችላል።

ሕፃናት ይህን እንቆቅልሽ የሚፈቱት አስቀድመው ነው። በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤሊካ በርገልሰንና ዳንኤል ስዊንግሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ6 እስከ 9 ወር የሆኑ ሕፃናት አንድም ቃል መናገር ሳይጀምሩ የበርካታ ምግቦችንና የአካል ክፍሎችን ስም እንደሚለዩ አሳይተዋል። የምግብ ወይም የአካል ክፍል ስም ሲጠራላቸው ዓይናቸው ወደ ተጠራው ነገር ያመራ ነበር። ስለዚህ ልጁ እስኪናገር ድረስ ስም መጥራትን ማዘግየት ጠቃሚ ጊዜን ማባከን ነው።

ከፍ ያሉ ልጆች ደግሞ አዲስ ቃልን በአንድ አጋጣሚ የሚይዙበት ችሎታ አላቸው። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳወቁት ሙከራ፣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ልጆችን «ቀዩን ሳይሆን ክሮምየሙን ትሪ አምጡልኝ» ትላቸው ነበር። ልጆቹ ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። ቀዩን ስለሚያውቁ ግን ሌላው ትሪ እንደሆነ ተረዱ፤ ብዙዎቹም ከቀናት በኋላ ስለ ቃሉ የተወሰነ ነገር አስታውሰው ተገኙ። ለጨዋታ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ ልጁ የሚያውቃቸውን ሁለት ዕቃዎች ከአንድ አዲስ ዕቃ ጋር አስቀምጦ አዲሱን በስሙ መጠየቅ። ማንኪያና ሳህን አጠገብ ጭልፋ ተቀምጦ «ጭልፋውን ስጠኝ» ሲባል፣ ልጁ ራሱ መልሱን ያገኘዋል።

የልጁን ዓይን መከተል

ብዙ ወላጆች ስም ሲያስተምሩ የልጁን ፊት ወደሚፈልጉት ዕቃ ያዞራሉ። ልጁ በቁልፍ እየተጫወተ ሳለ «እዚህ እይ፣ ይህ ምንድን ነው?» ይሉታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማይክል ቶማሴሎና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት ቀድሞውኑ የሚያዩት ነገር ስም ሲጠራላቸው፣ ትኩረታቸው ወደ ሌላ ነገር ተስቦ ስም ከሚነገራቸው ጊዜ ይልቅ ቃሉን በተሻለ ሁኔታ እንደሚይዙ አሳይተዋል።

በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቼን ዩና ሊንዳ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደዋል። በሕፃናት ግንባር ላይ ትንሽ ካሜራ አድርገው ጨዋታውን በልጆቹ ዓይን ተመለከቱ። ልጆቹ ስምን በተሻለ ሁኔታ የያዙት ዕቃው በእይታቸው ውስጥ ጎልቶ በሚታይበት ቅጽበት ሲጠራ ነበር። ይህ የሚሆነው ደግሞ በአብዛኛው ልጁ ራሱ ዕቃውን ይዞ ወደ ፊቱ ሲያቀርበው ነው። ዕቃቃ የሚሠራበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይታያል። በዕቃቃ ዕቃው በልጁ እጅ ነው፤ ስሙም በዚያው ቅጽበት ይጠራል።

ልጁ የያዘው ቁልፍ ከሆነ እንግዲህ የዚያ ቀን ቃል ቁልፍ ነው። አዋቂው ያሰበው ስኒ ለነገ ይቆያል።

በግሥ ውስጥ የሚደበቀው ስም

አማርኛ ለወላጅ አንድ ልዩ ፈተና ያቀርባል። በአማርኛ አንድ ግሥ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «አምጣው»፣ «አስቀምጪው»፣ «ጨምሪበት»፣ «ያንን ስጠኝ» ሲባል ማን፣ ለማን፣ ምን የሚለው ሁሉ በግሡ ውስጥ ተጠቅልሏል። በቤት ውስጥ ሥራ ሲፋጠን የዕቃው ስም ፈጽሞ ሳይጠራ ሙሉ ቀን ሊያልፍ ይችላል። አገር ቤት ያለ ልጅ ስሙን ከሌላ ሰው፣ ከጎረቤት፣ ከሱቅ ይሰማዋል። ዶሃ ያለው ልጅ ከወላጁ ካልሰማ ከማንም አይሰማም።

መፍትሔው ስሙን ከግሡ ውስጥ አውጥቶ መናገር ነው። «አምጣው» በማለት ፈንታ «ስኒውን አምጣ» ይባላል። ከዚያም «የታለ ስኒው? ይኸው ስኒ! ትንሽ ስኒ!» እየተባለ ስሙ በተለያየ ቦታ ይደጋገማል። ስሙ መጨረሻ ላይ ሲመጣ በሕፃን ጆሮ ውስጥ ጎልቶ ይቀራል። እንደ አማርኛ ሁሉ ግሥ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት በቱርክኛ፣ እናቶች ለሕፃን አዲስ ቃል ሲያስተዋውቁ የተለመደውን የዓረፍተ ነገር ሥርዓት እንኳ ለውጠው ቃሉን ወደ መጨረሻ እንደሚያወጡት በጥናት ታይቷል። የአማርኛው «የታለ ስኒው?» ይህንኑ በተፈጥሮው ይሠራል።

ለልጁ በቀጥታ መናገርም ወሳኝ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አድሪያና ዋይስሌደርና አን ፈርናልድ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት፣ የሕፃናትን የቃላት እድገት የሚያግዘው ለእነሱ የሚነገረው ንግግር ነው፤ አዋቂዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ በአጠገባቸው የሚያልፈው ንግግር ያን ያህል አልጠቀማቸውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ መነገሩ ብቻውን አይበቃም። ልጁ ራሱ ሊናገሩት ይገባል።

ከዕድሜ ጋር የሚሄዱ ጨዋታዎች

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን መደበቅና መግለጥ ይበቃል። ስኒው በነጠላ ወይም በሻርፕ ይሸፈናል፤ «የታለ ስኒው?» ይባላል፤ ይገለጣል፤ «ይኸው ስኒው!» ይባላል። ከሁለትና ከሦስት ዕቃ በላይ አያስፈልግም።

አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ልጅ ነገሮችን ማውጣትና መክተት ይወዳል። በአንድ ቅርጫት ውስጥ ማንኪያ፣ ስኒ፣ ኮፍያ፣ ጫማና ማበጠሪያ ይቀመጣሉ። ልጁ ያወጣውን አዋቂው በስሙ ይጠራል፤ ልጁ ሲከተውም ይደግመዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከአምስቱ ሁለቱ በአዲስ ይተካሉ፤ ሦስቱ የታወቁት ይቆያሉ።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ አንድ ስም ብዙ ዕቃዎችን እንደሚይዝ ማሳየት ይቻላል። የአባት ጫማ፣ የእናት ጫማና የልጁ ጫማ በመጠንና በቀለም ይለያያሉ፤ ሦስቱም ጫማ ናቸው። ሊንዳ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆኑ ዕቃዎችን በአንድ ስም እየጠሩ ለሰባት ሳምንታት የተጫወቱ የ17 ወር ሕፃናት ከጨዋታው ውጪም የዕቃ ስሞችን በፍጥነት መማር ጀምረዋል። ልጆቹ ከጥቂት ቃላት በላይ ያተረፉት ሌሎች ቃላትን የሚማሩበትን ዘዴ ነው።

ሁለት ዓመት ሲሞላ ዕቃቃ በሙሉ ክብሩ ይገባል። ባዶና ቀዝቃዛ ጀበና፣ ረከቦት፣ ጥቂት የማይሰበሩ ስኒዎች ይቀርባሉ። ልጁ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ይቀዳል፤ አሻንጉሊቱም እንግዳ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የአዋቂ ስሕተት ታላቅ ደስታ ይፈጥራል። አባት ጫማውን ራሱ ላይ አድርጎ «ኮፍያዬ ያምራል?» ቢል፣ ልጁ እየሳቀ «ጫማ!» ብሎ ያርመዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንቆቅልሽ ይደርሳል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል መልስ ይለመዳል። ጥያቄው ቀላል ይሁን፦ ሆዱ ክብ ነው፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ እሳት ላይ ተቀምጦ ቡና ያፈላል። ልጁ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ዱባይን ሊሰጥ ይችላል፤ ጠያቂው ግን ደሴን ወይም ጅማን ቢጠይቅ ልጁ ከዕቃው ስም ጋር የአገሩንም ስም ይሰማል።

የረመዳን ወር ለዚህ ሁሉ ምቹ ጊዜ ነው። ለ29 ወይም ለ30 ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ነገሮች ወደ ማዕድ ይቀርባሉ፦ ቴምር፣ ውኃ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ሳህን፣ ማንኪያ። ትንሹ ልጅ ቴምሩን የማቅረብ ኃላፊነት ቢሰጠው ስሙን በየምሽቱ ይሰማል፣ ይጠራልም። አክፋዩ ስለሚያመሰግነው ቃሉ ከደስታ ጋር ይቀመጥለታል።

በጨዋታው መካከል ልጁን «በል ድገም» እያሉ ማስጨነቅ አይገባም። ልጁ «ነኪያ» ቢል «አዎ፣ ማንኪያ» ብሎ በትክክለኛው አጠራር መመለስ በቂ እርማት ነው። ልጁ ፊቱን ሲያዞር ጨዋታው አብቅቷል። በቀን አሥር ደቂቃ ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን መጫወት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ትምህርት ይሻላል። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፤ ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀሩ የሚችሉ ትናንሽ ነገሮች፣ የክብ ባትሪዎች፣ ትኩስ ጀበናና የተቀጣጠለ ከሰል ከጨዋታው መራቅ አለባቸው።

ሁለት ስም ያለው ዕቃ

አንዳንድ ወላጆች አማርኛ ከዓረብኛ ጋር ሲጨመር ልጁ ይደናገራል፣ ንግግሩም ይዘገያል ብለው ይሰጋሉ። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 በማያሚ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የሁለቱም ቋንቋዎች ቃላት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ልጆቹ አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት ወደ ኋላ እንዳልቀሩ ታይቷል። አንድ ልጅ በአማርኛ ሠላሳ፣ በዓረብኛ ሠላሳ ቃል ቢኖረው ሠላሳ ቃል ብቻ እንዳለው አድርጎ መቁጠር ልጁን መበደል ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ሴማዊ ዘመዳሞች በመሆናቸው ጨዋታው ተጨማሪ መዝናኛ ያገኛል። ቤት በዓረብኛ በይት፣ ዓይን ዐይን፣ ራስ ረእስ፣ ኮከብ ከውከብ ነው። ሳህን ሰሕን፣ ስኳር ሱከር ይባላል። ስም የሚለው ቃል ራሱ በዓረብኛ ኢስም ነው። ከፍ ያለ ልጅ «መንታ ቃላትን» እያደነ ቢጫወት አማርኛው ከውጭው ዓለም የተነጠለ ምስጢር መስሎ አይታየውም።

በስልክ መስኮት

ስልክና ቴሌቪዥን የሰውን ቦታ ሊተኩ እንደማይችሉ የታወቀ ሙከራ አለ። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት በአሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማንዳሪን ከሚናገር ሰው ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቪዲዮ የተመለከቱት ግን አልቻሉም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል።

ከልጆቻቸው ተለይተው በሰው አገር ለሚሠሩ እናቶች ይህ ዜና ተስፋ የሚያስቆርጥ ሊመስል ይችላል። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ እያጫወቱ፣ የሰው ልጅ ዓረብኛ ሲለምድ እያገዙ ይውላሉ፤ የገዛ ልጃቸውን ግን የሚያዩት በስልክ መስኮት ነው። ለእነሱ የሚሆን ሌላ ግኝት አለ። ሣራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ24 እስከ 30 ወር የሆኑ ሕፃናት አዲስ ቃል ከተቀረጸ ቪዲዮ መማር ሲያቅታቸው፣ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚያናግራቸው ሰው ግን ፊት ለፊት እንዳለ ያህል ተምረዋል። ልዩነቱን የፈጠረው በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ለልጁ ድርጊት በቅጽበት መልስ መስጠቱ ነው።

ስለዚህ እናት «በልተሃል? ደኅና ነህ?» ከማለት አልፋ ዕቃቃን በስልክ መጫወት ትችላለች። አያት ወይም አክስት ልጁ ፊት ስኒ፣ ማንኪያና ኮፍያ ታስቀምጣለች፤ እናትም በበኩሏ ተመሳሳይ ሦስት ዕቃዎች ትይዛለች። እናት ኮፍያዋን ስታደርግ ልጁም ያደርጋል። ልጁ ስኒ ሲያነሣ እናት «ስኒ! እኔም ስኒ አለኝ» ትላለች። ጥሪው አምስት ደቂቃ ቢሆንም ልጁ ከእናቱ ጋር የሆነ ነገር አድርጓል። ድምፅዋም ከፎቶ ጋር ብቻ ሳይሆን እጁ ከያዘው ዕቃ ጋር ይያያዝለታል።

መቼ ባለሙያ ይታይ?

ልጆች በንግግር ፍጥነት ይለያያሉ። ይሁን እንጂ በ12 ወሩ የማይንተባተብና በእጁ የማያመለክት፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የማይል፣ በሁለት ዓመቱ «ውኃ ስጠኝ» ዓይነት ሁለት ቃላትን የማያያይዝ ልጅ፣ ወይም ይናገረው የነበረውን ያቆመ ልጅ በሐኪም ሊታይ ይገባል። መጀመሪያ የሚመረመረው መስማቱ ነው፤ የጆሮ ሕመም ሳይታወቅ ንግግርን ሊያዘገይ ይችላልና። ሁለት ቋንቋ መስማቱ እንደ ምክንያት ተቆጥሮ ምርመራው ሊዘገይ አይገባም።

ይህ ችግር ለሌለበት ለአብዛኛው ልጅ የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቃ፣ ጥቂት ጊዜና ስሙን ደጋግሞ የሚጠራ ሰው ነው። ጀበናን ጀበና ብሎ መጥራት የለመደ ልጅ ለእረፍት አገር ቤት ሲሄድ፣ አያቱ «ጀበናውን አቀብለኝ» ስትለው ተነሥቶ ያቀብላታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቋንቋ እሷ ራሷ ታስተምረዋለች።